በሥራ ስሜ ያስቀመጥኩት ወርቅ

እኔ ድሮም ቁጭ ብዬ መጠበቅ አላውቅም፤ ያን ሰሞን ጭራሽ ባሰብኝ። ካርቱም ውስጥ፣ ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ነው። ወርቄን በሳጥን ያስቀመጥኩበት ባንክ ወደቀ ተባለ። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ አንድ አንድ እያልኩ የገዛኋቸው አምባሮች ናቸው። እናቴን ከኪራይ ቤት የማወጣበት ሌላ ምንም የለኝም።

ዐማራት ሰፈር፣ የወደቀውን ባንክ ሒሳብ የሚዘጋው አጣሪ ቢሮ ሄድኩ። «ሳጥኖቹን ባንኩን ለተረከበው ሌላ ባንክ ሰጥተናል» አለኝ። በአውቶቡስ ተጠቅጥቄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ኦምዱርማን ደረስኩ። የተረከበው ባንክ ደግሞ «ያንቺ ጉዳይ አጣሪው ዘንድ ነው፤ ቡክራ ነይ» አለኝ። ቡክራ ማለት ነገ ነው፤ የእነሱ ነገ ግን አይነጋም። ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። ኧረ በሕግ አምላክ! ሁለቱንም ከሰስኳቸው።

እኔም ብሆን የደበቅሁት ጉድ ነበረኝ። ካርቱም እንደገባሁ ሥራ ያገናኘችኝ ደላላ «በዚህ ስምሽ ማን ይቀጥርሻል?» ብላ የሙስሊም ስም አወጣችልኝ። ብዙዎቻችን እንዲያ ነው የተቀጠርነው። ማተቤን ከአንገቴ ፈትቼ መቀነቴ ውስጥ ቋጠርኩት። መታወቂያዬ በዚያ ስም ወጣ፤ ሳጥኑም በዚያው ስም ተከፈተ። አሠሪዬ አሮጊት ናቸው፤ ሐጃ ነው የምላቸው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ሲያቀርቡልኝ «ሆዴን አሞኛል» እላለሁ። በሌላው ቀን ሆዴ ደህና ነው።

በቀጠሮው ዕለት ሐጃ ሊመሰክሩልኝ አብረውኝ መጡ። የአጣሪው ጠበቃ መታወቂያዬን ገለባብጦ አየና «ቁርኣን ይዛ፣ መታወቂያው ላይ ያለችው ሴት እኔ ነኝ ብላ ትማል» አለ። አመጡት። እጄን ልዘረጋ አልኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። በሰው መጽሐፍ እንዴት በውሸት ልማል? የእናቴ ቤት በዓይኔ ላይ ዞረ።

«አልምልም። ክርስቲያን ነኝ፤ ስሙም የእኔ አይደለም» አልኩ።

አፌን በቆረጠው! ጠበቃው ፈገግ ብሎ «እንግዲያው ሳጥኑም የእሷ አይደለም» አለ። የተረከበው ባንክ ጠበቃም «እውነት ነው» አለ፤ ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ቀና ብዬ ሐጃን ማየት አፈርኩ። ከወርቁም ከሥራዬም በአንድ ቀን ወጣሁ ብዬ ደመደምኩ።

ሐጃ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

«ሳጥኑን ባንክ ስታስከፍት አጠገቧ ነበርኩ። አምባሮቹን ቋጥራ ያስቀመጠችው ይህችው ናት። የቋጠረችበት ሻሽ የእኔ ነው፤ ቢጫ ነው፣ ጥጉን ካውያ አቃጥሎታል። ክርስቲያን መሆኗን ደግሞ ድሮም አውቃለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚያም ሆድ የት አገር አለ?»

ችሎቱ በሳቅ ሞላ። ዳኛው ሳጥኑ በሁለቱ ወገኖች ፊት ይከፈት ብለው አዘዙ። በሦስተኛው ቀን ተከፈተ፤ ጥጉ የተቃጠለው ቢጫ ሻሽ ከነአምባሮቹ ወጣ። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ።

በረክሻ፣ በእኛ አገር ባጃጅ በምንለው፣ ስንመለስ ወርቁን በሁለት እጄ ጨብጬ ተቀምጫለሁ።

«ካወቁ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኳቸው።

«ብነግርሽ ደንግጠሽ ትሄጂብኛለሽ ብዬ» አሉ።

ቀጥለው «እናትሽ ስምሽን ማን ብላ ነው ያወጣችልሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ምላሳቸው አልታዘዝ አላቸው፤ ሰባበሩት። «ያላ፣ በይ እንጂ፣ ድገሚልኝ» አሉ፤ ደገምኩላቸው። ቤት እስክንደርስ ስሜን ሲለማመዱ ሄዱ።