በላማችን የተለወጠችው ቮልስ

አባቴ መርሳ ከተማ ላይ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲጠግን የራሱን ነድቶ አያውቅም ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ከቀረሁ ወዲህ ቁልፍና ካቻቢቴ አቀብለው ነበር። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ሥራው ተስማምቶኛል፤ ከመኪና ሥር ማንም አያናግረኝም።

በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ሲሆን ብዙ መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ወልድያ ያሉ አንድ ሽማግሌ ነጋዴም ከሁለት አሮጌ ቮልሶቻቸው አንዷን በምትታለብ ላም እንደሚለውጡ ሰማን። እኛ ያለችን አንዲት ላም ናት። እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈች። በመጨረሻ፣

“ላሜን ወስደህ ቆርቆሮ እንዳታመጣልኝ” አለችው።

“ወላሂ፣ ቆርቆሮ አላመጣም” ብሎ ማለላት።

በጭነት መኪና ተሳፍረን ወልድያ የደረስነው ገና በጠዋቱ ነው። ሰማያዊዋ ቮልስ አዲስ ቀለም ተቀብታ ታበራለች። ነጯ ቮልስ ግን ጎማዋ ተንፍሶ ግራር ሥር ተኝታለች፤ ወንበሯ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋለች። እንደዚያም ሆና ክብ መብራቶቿና ጎባጣ ጀርባዋ ያምራሉ። ዓይኔን ከሷ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

አባቴ የሞተር ሰው ነው። ሞተር ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሕመሙን በድምፁ ብቻ ያውቃል። ይህን ሲያደርግ ባየሁት ቁጥር እደነቃለሁ። የሰማያዊዋን አስነስቶ ሰማና፣ “ጤነኛ ናት፣ ጋሼ” አለ። የነጯ ሞተር ግን ንቅንቅ አላለም።

“እንግዲህ ሰማያዊዋን ውሰድ፤ እኔም እንዲሁ ተቀብታ ነው የገዛኋት” አሉ ሽማግሌው። ወደ እኔ ዞረውም፣ “አንቺስ ምላስሽን መርሳ ትተሽው መጣሽ?” ብለው ሳቁ።

አንገቴን ደፋሁ። እጄን የማደርግበት ባጣ የሰማያዊዋን ጤዛ በመዳፌ እጠርግ ጀመር። እናቴ ከብት ስትገዛ ጠጉር የሸፈነውን ጠባሳ እንደዚህ ነበር ዳብሳ የምታገኘው። የበሩ ላይኛው ክፍል እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ወደ ታች ስወርድ ግን ቅዝቃዜው ጠፋ። ደግሜ ዳበስኩ። የበሩ ግርጌ፣ ከጎማው በላይ፣ ከመብራቱ ሥር፣ ሁሉም እንደዚያው ነው። ብረት አልመሰለኝም።

“አባ” ልል ብሞክር አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሄጄ እጁን ያዝኩና በሩ ላይ አስቀመጥኩለት። መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ በጣቱ አንኳኳ። ሽማግሌውን አስፈቅዶ በካቻቢቴ ፋቅ ቢያደርገው በቀለም የተሸፈነ የቀዳዳ መድፈኛ ስቱኮ ረገፈ፤ ከሥሩ ብረቱን ዝገት ጨርሶታል። ነጯን ዞሮ ዞሮ ዳበሳት። እሷ ከላይ እስከ ታች ቀዝቃዛ ብረት ነበረች።

“ጋሼ፣ ነጯን ነው የምወስደው” አለ።

“ሞተሯ የሞተውን?”

“ለሞተሩስ እኔ አለሁ። የተበላ ብረት የሚሠራ ግን መርሳ የለም።”

ሽማግሌው ገርሟቸው ሲያዩኝ፣ አባቴ፣ “የመረጠችው እሷ ናት” አላቸው። በልጁ መታረሙን በሰው ፊት እንዲህ የሚናገር አባት ከዚያ በፊት አላየሁም። እኔ ከግራሩ ኋላ ገባሁ።

ላሟ ወልድያ ሄደች። ነጯ በገመድ ተጎትታ መርሳ ገባች። አባቴ ሞተሯን በትኖ፣ እያንዳንዷን ዕቃ አጥቦ፣ የጠፋውን ከሌላ መኪና ዕቃ እየሞረደ ክረምቱን ሙሉ ሠራ። እናቴ ጥቁር ሻይ ባቀረበችለት ቁጥር፣ “ወተቱን ከቮልስህ እለበው” ትለው ነበር።

ሞተሯ የተነሳ ዕለት እናቴ ድምፁን ሰምታ ከቤት ወጣች። መዳፏን በመኪናዋ ጀርባ ላይ አሳለፈች፤ በጎኗም ወርዳ የበሩን ግርጌ ዳበሰች።

“ቆርቆሮስ አይደለችም” አለችና በሩን ከፍታ ገባች። “በል፣ ግራና ከተማ፣ ገበያ አድርሰኝ። አንቺም ነይ ግቢ፤ የመረጥሽው አንቺ አይደለሽ?”