ጽጌማርያም ጂፒኤስ ልትገዛ የሄደች ዕለት

«የሄደበት አገር ስሙን ባውቀው ኖሮ፣
በእግሬ እደርስ ነበር…»

እዚህ ላይ ሲደርስ ግጥሙ ይከዳታል። ዜማው ግን አይከዳትም፤ በከንፈሯ መሃል ብቻውን እየተነፈሰ ይቀጥላል፤ እግሯም የስፌት መኪናውን እንደረገጠ ነው። ጽጌማርያም ይህን ዘፈን የሰማችው ገና ልጃገረድ ሆና ልብስ ስፌት ስትማር ነበር፤ ከጎረቤት ሬዲዮ በመስኮት የገባ፣ አንዴ ብቻ። ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ዓይኗን ስታጠብብ የመጨረሻው ስንኝ አመለጣት። ያኔ እንዳመለጣት ቀረ።

ሱቋ ዘነበወርቅ ነው፤ ከሆስፒታሉ ወረድ ብሎ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት የገባው የእሷን ስፌት ለብሶ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነ። ያደጉት ደግሞ ለልጆቻቸው ዩኒፎርም ሊያስለኩ ይመጣሉ፤ እሷም «ያባትህ ጉልበት እዚህ ጋ ነበር የሚቀደደው» እያለች ታስቃቸዋለች። ባሏ የሞተው ልጃቸው ታዲዮስ ገና በጀርባ የሚታዘል ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ ዓለሟ ሁለት ነገር ብቻ ሆነ፤ ስፌት መኪናውና ታዲዮስ።

ታዲዮስ አሉሚኒየም ይሠራ ነበር፤ መስኮት፣ በር። አንድ ቀን ማለዳ «አዳማ ሥራ አግኝቻለሁ እማ» ብሎ ግንባሯን ስሞ ወጣ። የሄደው ግን አዳማ አልነበረም። ከጎረቤቷ ከአልፊያ ልጅ ከመህዲ ጋር ሆኖ፣ ባሕሩን ተሻግሬ ሰው እሆናለሁ ብሎ በደላላ እጅ ወደ ጅቡቲ በረሃ ገባ። ወራት አለፉ። መህዲ ብቻውን ተመለሰ፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ። ወደ ቤቱ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጽጌማርያም ሱቅ ነበር የሄደው። በሩ ላይ ተንበረከከ።

«እትዬ ጽጌ፣ ውሃ አልቆብን ነው። እኔ ነኝ የቀበርኩት። በድንጋይ… አፈር የለም እዚያ።»

ከዚያም ቁጥር ነገራት። ስልኩ ሊሞት ሲል ቦታውን የሚያሳየውን ቁጥር አይቶ በቃሉ ይዞት ነበር። ስልኩን በማግሥቱ ደላሎቹ ወሰዱበት፤ ቁጥሩን ግን ማንም አልወሰደበትም፤ እስከ ዘነበወርቅ ድረስ በአፉ ሲያመላልሰው መጣ። ጽጌማርያም አላለቀሰችም። ቀይ ክር አወጣችና ቁጥሩን በካፖርቷ ገበር ላይ፣ በልቧ በኩል ጠለፈችው።

እድሩ ድንኳን ሊተክል መጣ፤ መለሰችው። «ምን ቀብሬ ነው ድንኳን የምትተክሉት? ልጄን አመጣዋለሁ፤ ካባቱ ጎን አሳርፈዋለሁ። ቁጭ ብዬ እዝን የምበላው ያን ጊዜ ነው፤ ከቀብር መልስ!» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምግብ ተቀምጣ አታውቅም። ዳቦ ቆርሳ ቆማ ትውጣለች፤ ከመኪናው ጎን፣ ከበሩ ጎን፣ ግድግዳ ተደግፋ። አልፊያ በየቀኑ ምሳ ሸፍና ታመጣለች፤ ማታ ሳይነካ ትወስዳለች። ልጇ የተረፈላት ሴት፣ ልጇ ላልተረፈላት ሴት ይዛ የምትሄደው ሰሃን፣ እሱ ነው ከባዱ ሸክም። አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ሁለቱም ያውቁታል።

ከባድ መኪና የሚነዳው ሁንዴ እስከ ድንበር ላደርስሽ እችላለሁ ብሎ ቃል ገባላት። አንድ ዩኒፎርም ያሰፋ የመንገድ ሥራ ሰው ደግሞ «ለዚያ አገር ስልክ አያዋጣሽም፤ ሙቀቱ ይገድለዋል። በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ግዢ» አላት። እንዲህ ሆኖ ነው በጥር ወር አንድ ረቡዕ፣ መህዲን አስከትላ ጦር ኃይሎች የወረደችው።

የጀይሉ ሱቅ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ነው፤ ካሜራ፣ አቅራቢ መነጽር፣ ከፈረንጅ እጅ የቀረ ነገር ሁሉ። ጀይሉ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። መህዲን ሲያይ ዓይኑን አጠበበ።

«አንተን የት ነው የማውቅህ? ረዳት ነበርክ አይደል? የአስኮ መስመር!»

«ነበርኩ።»

«ያ ረቢ! የኔን መልስ የበላኸው አንተ ነህ! ሳንቲም መልስ ብልህ ‹ፋዘር፣ ሳንቲም እኮ ድሮ ቀረ› ብለህ በሩን ዘጋህብኝ!»

መህዲ ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ጽጌማርያም ግን ለቀልድ አልመጣችም። «ጂፒኤስ አለህ ወይ ልጄ? መንገድ የሚያሳይ?»

ጀይሉ ሁለት አወጣ። አንዱ ወፍራም፣ ግራጫ፣ ቁልፎቹ በጎኑ፤ መስታወቱ ትንሽ። ሌላው ሰፊ መስታወት ያለው፣ በጣት የሚነካ፣ ካርታው ባለቀለም። የጽጌማርያም እጅ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሰፊው ነበር። እንደ ጥሩ ጨርቅ ዳሰሰችው።

«ቆንጆ ነው» አለች።

«ቆንጆማ ነው። ግን የት ሊወስዱት ነው እማማ?»

«በረሃ።»

«እንግዲያው ይተውት። ይኼ እንደ ስልክ ቻርጅ ይፈልጋል፤ በረሃ ላይ ሶኬት ከየት ይመጣል? ላብ የነካው ጣትም አይሰማም። ግራጫው በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ሲያልቅ ቀይሮ መሄድ ነው። ይምጡ፣ ፀሐይ ላይ እንየው።»

ደጅ ወጡ። ፀሐይዋ ግንባር ላይ ነበረች፤ የሰፊው መስታወት እንደ ኩሬ ብልጭ ብሎ ምንም አላሳይ አለ፤ የግራጫው ጽሑፍ ግን ጥርት ብሎ ታየ። «ገባዎት? አሁን ዝም ብለው ይያዙት፤ ከሰማይ ጋር እየተነጋገረ ነው» አላት። ጽጌማርያም መሣሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አለች። ታክሲዎቹ ይጮኻሉ፤ ሰማዩ ግን ዝም ብሎ ሰማያዊ ነው። ከዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ነገር ለሷ እንደሚመልስላት ሲነገራት ደረቷ ሞቅ አለ።

«ፈረንጆቹ በዚህ ምን እንደሚሠሩ ያውቃሉ?» አለ ጀይሉ። «ድብብቆሽ ይጫወቱበታል። ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ነገር ከትተው ጫካ ይደብቃሉ፤ ቁጥሩን ለማያውቁት ሰው ይሰጣሉ። እሱ አገር አቋርጦ ይመጣና ፈልጎ ያገኘዋል።»

«ካገኘስ በኋላ?»

«ስሙን ይጽፍና መልሶ ይደብቀዋል።»

«ጉድ እኮ ነው» አለች ጽጌማርያም። «ለቆርቆሮ።»

ጀይሉ ሊያሳያት ፈለገ። መሣሪያውንና ከረሜላ ያለበት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ይዞ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ሄደ፤ ደብቆ ተመለሰ፤ የቦታውንም ቁጥር መሣሪያው ውስጥ አስቀምጦ «በሉ ይፈልጉ!» አላት። ቀስቱን ተከትላ ሄደች። በቆሙ መኪኖች መሃል፣ ካፖርቷን ሰብስባ። ቀስቱ ሲዞር ትዞራለች፤ ሲመለስ ትመለሳለች። መህዲ ከኋላዋ «ግራ! እትዬ፣ ግራ!» ይላል። ጥቂት እርምጃ ሲቀራት መሣሪያው ደርሰሻል አላት፤ ምንም ግን የለም።

«ከዚያ በኋላ በዓይን ነው!» ብሎ ጮኸ ጀይሉ። «እሱ እዚህ አካባቢ ነው ይላል እንጂ እጅ ይዞ አይሰጥም!»

ጎንበስ አለች። ከመብራት ምሰሶው ሥር፣ ከድንጋይ ኋላ ቆርቆሮው ተወሽቋል። ከፍታ ከረሜላውን አየችና ሳቀች፤ ድምፅ ያለው ሳቅ፣ እንደ ልጅ። የመኪና ጠባቂው ሳይቀር አብሮ ሳቀ። በዚያች ቅጽበት በልቧ በረሃውን ጨርሳ ነበር፤ ጥቁሩን ድንጋይ አንስታ፣ አጥንቱን በነጭ አቡጀዲ ጠቅልላ፣ ቤት ደርሳ ነበር።

«ይኸን ስጠኝ» አለች። «ግራጫውን። የኔንም ቁጥር አስገባልኝ።»

ባንኮው ላይ ካፖርቷን ገልብጣ ገበሩን አሳየችው። ጀይሉ ጎንበስ ብሎ ቀዩን ክር አየ። «ማን ነው እዚያ ያለው?»

«ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ አልቀለደም። ቁጥሩን አንድ በአንድ አስገባ። አስራ አንድ ነጥብ ስምንት ሰባት። ቆመ። በመሣሪያው መስታወት ላይ ከሰባቱ ቀጥሎ ሦስት ባዶ ቦታ ይቀራል።

«ቀሪውስ?»

«ያው ነው» አለች ጽጌማርያም። «ሁለተኛው ከሥሩ ነው፤ አርባ ሁለት ነጥብ ስድሳ አንድ።»

«እሱም ጎዶሎ ነው። ከነጥብ በኋላ አምስት ቁጥር ነው የሚፈልገው። ሁለት ብቻ ነው ያለው።»

ሁለቱም ወደ መህዲ ዞሩ። መህዲ ባንኮውን ያዘ።

«ረጅም ነበር» አለ። «ከነጥቡ በኋላ ረጅም ነበር። ስልኩ ሊጠፋ ነው… አስራ አንድ ከሰማንያ ሰባት፣ አርባ ሁለት ከስድሳ አንድ አልኩ። እንደ ሒሳብ። ሳንቲም ሁለት ነው አይደል? ከዚያ ወዲያ ያለው… ከሳንቲም በታች ያለው ምን ያደርጋል ብዬ… ተውኩት።»

ጀይሉ መሣሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ያኛው ይሞላዋል?» አለች ጽጌማርያም፤ ባለሰፊውን መስታወት እያየች። «ካርታ ያለው? ውዱ?»

«እማማ፣ የትኛውም አይሞላውም። እነዚህ ጥቂት እርምጃ ድረስ ያቀርባሉ። የርስዎ ቁጥር ግን ቦታ አይደለም፤ አገር ነው። ከዚህ አደባባይ ተነስተው አንድ ኪሎ ሜትር ወደዚያ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ወደዚህ፤ በዚያ ሁሉ መሃል የሆነ ቦታ።»

«አንድ ኪሎ ሜትር ምን አላት? ድንጋይ ድንጋዩን እያየሁ እፈልጋለኋ!»

«እትዬ…» አለ መህዲ። «ክምሩ አንድ አይደለም። ከኛ በፊት ያለፉትም እዚያ ናቸው። ብዙ ነው። ሁሉም ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሁሉም አንድ ነው የሚመስለው።»

«ምልክት አላደረግህም? ነጠላ፣ ጨርቅ፣ ጫማውን?»

መህዲ አቀረቀረ። «ጫማውን ከላይ ላስቀምጥ ብዬ ነበር። የኔ ተበጥሶ… እሱን አድርጌ ነው የመጣሁት።»

ጽጌማርያም ሜትር በአንገቷ ላይ አንጠልጥላ የኖረች ሴት ናት። ጣት የምታህል ስህተት ብብት ላይ ስትገባ ሙሉ ልብስ እንደምታበላሽ ማንም ሊነግራት አያስፈልግም። ጎዶሎውን ቁጥር አየችው። ካፖርቷን ገለበጠች፤ ለበሰች፤ ቆለፈች።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለች። ጀይሉ ሊሸጥላት ይችል ነበር፤ አልሸጠላትም። ቆርቆሮውን ከነከረሜላው ሊያሲዛት ዘረጋ፤ አልተቀበለችውም።

«ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ! አንድ ሰው፣ የሞላ!» ታክሲው ውስጥ ተጠጋግተው ተቀመጡ። መህዲ በመስኮት በኩል ያለ ድምፅ ያለቅሳል። እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። ይህን ሁሉ ወር እምቢ ያለችው ሙሾ በዚያ ጥግ፣ በሰው ክርን መሃል፣ ሳትጠራው መጣ። ለሌላ ሰው አልተሰማም፤ ለራሷ ጆሮ ብቻ ነበር፦

«ከነጥብ በኋላ የቀረው ቁጥሩ፣
ልጄን ሰወረብኝ ከነመቃብሩ።»

ሰው ስንት ነገር ያጣል! ልጅ ያጣል፣ ሬሳ ያጣል። እሷ ግን የልጇን መቃብር እንኳ ፈልጋ አጣች። ምድር ሰፊ ናት ሲሉ ሰምታ ነበር፤ ስፋቷ ይህን ያህል ክፉ መሆኑን ማንም አልነገራትም።

አልፊያ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሰሃኑ በእጇ ነው፣ በንጹሕ ፎጣ ተሸፍኗል።

«ረቡዕ ነው ብዬ ምስር ሠራሁ» አለች። «የናንተን ጾም ከናንተ በላይ የምቆጥረው እኔ ሆንኩ።» ከዚያ የልጇን ፊት አየች። «ገዛሽው?»

«የሚሸጥ የለም።»

ጽጌማርያም ወደ ውስጥ አልገባችም። ደጁ ላይ ቆማ እጆቿን ወደፊት ዘረጋች፤ ከቀብር የተመለሰ ሰው እንደሚዘረጋ።

«መህዲ፣ ውሃ አምጣ።»

በጆግ አምጥቶ አፈሰሰላት። ውሃው ጫማውን አራሰው። ታጠበች። ከዚያ ጆጉን ከእጁ ወሰደች።

«ዘርጋ» አለችው። «አንተም ከቀብር ነው የመጣኸው።»

አስታጠበችው። አልፊያ ፎጣውን ከሰሃኑ ላይ አነሳችና እጃቸውን አደረቀችላቸው፤ ዱካውንም ከግድግዳው ሥር ስባ አመጣች። «እድሩን ልጥራ?» አለች፤ ድምፅዋ ተሰብሮ።

«ጥሪያቸው። ድንኳኑን ይትከሉ።»

ጽጌማርያም ዱካው ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ሲታጠፍ ጮኸባት። መህዲ ከጎኗ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ምስሩ ቀዝቅዞ ነበር። ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ ጎረሰች፤ ለመዋጥ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ደግሞ ቆረሰች።