ቻርጀር ላይ የቀረው ድንጋይ

«አንቺ ልጅ፣ አንጀት የሚባል አልፈጠረብሽም» አለችኝ እናቴ ፊት ለፊት፣ የነፍስ አባታችን እየሰሙ። እኔ ያልኳት «ይሄ ድንጋይ ሞቷል» ብቻ ነው።

ወንድሜ ቻርጅ የሚደረጉ ሁለት የባትሪ ድንጋዮች ነበሩት። አንዱን ግንባሩ ላይ በሚያስራት ባትሪ ሲያበራ ሌላው ቤት ይሞላል። ክረምት ላይ ውሃው የፎገራን ሜዳ ሲውጠው ከብቶቹን ሊያወጣ ገባ። ከብቶቹ ዋኝተው መጡ። እሱ አልመጣም፤ ሬሳውም አልተገኘም። ቤት የቀረው ድንጋይ ቻርጀሩ ላይ አረንጓዴ አብርቶ ይጠብቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ሌላ ባትሪ ገዝታ፣ ያንኑ ድንጋይ ከትታ፣ ሲመሻሽ በሩ ላይ ወደ ሜዳው አዙራ ትሰቅለዋለች። ከይፋግ ገበያ የሚመለሱ ጎረቤቶች ደግሞ ማዶ፣ ሩዙ መሀል፣ መልሶ የሚያበራ ባትሪ አየን ይሏታል። እሱ ይዞት የሄደው አንድ ድንጋይ ይህን ያህል እንደማይቆይ አውቃለሁ። ሲመሽ ግን ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ነው የምቀመጠው።

ፍትሐት አይደረግም ብላ ነበር። «ድንጋዩ እስከሞላ ልጄ አለ» ነው መልሷ። እኔ ወረታ ሞባይል ጥገና ቤት ስለምሠራ፣ እሁድ ስመጣ ቴስተር ይዤ የድንጋዩን ኃይል እለካላታለሁ።

ያን እሁድ አባ መጡ። «ልጁን አታንከራትችው፣ ጸሎት ይገባዋል» አሏት።

«እሷ ትለካውና» አለች ወደ እኔ እያየች።

ቀዩን ሽቦ በጫፉ፣ ጥቁሩን በቂጡ አደረግሁ። አራት ነጥብ ሁለት ቮልት፤ ሙሉ ነው። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ቆይ እማ። ከቻርጀር እንደወጣ ሁሉም ሙሉ ይመስላል። ይረፍና።»

«ምን ሠርቶ ነው የሚያርፈው?» አለች።

መደቡ ላይ አኖርሁት። አባ የቀረበላቸውን ጠላ ጠጥተው ሲጨርሱ ደግሜ ለካሁ። ሦስት ነጥብ አምስት፤ ምንም ሳያበራ ወርዷል። ሞቷል ያልኳት ይሄኔ ነው፤ እሷም አንጀት የለሽም ያለችኝ።

«እሷ ምን ታድርግ» አሉ አባ። «ያየችውን ነው የነገረችሽ።»

እናቴ ቴስተሩን አጎንብሳ አየችው፤ ማንበብ አትችልም።

«ሌላ ቁጥር አትነግሪኝም?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«የለም፣ እማ።»

«እንግዲያው ይፍቱት፣ አባ።»

ድንጋዩን ከእጄ ወስዳ መልሳ ቻርጀሩ ላይ አደረገችው። ቀይ በራ።

የቴስተሩን ሽቦ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። የአባን መስቀል ተሳልሜ ወደ ወረታ ወጣሁ።