ሞረዳ ትንሿን ፕሪአምፕሊፋየር ለምን መረጠ

ባለቤቴ ሞረዳ የነቀምቴ መብራት ጠባቂ ነበር። ጠባቂ ስል ዘበኛ ማለቴ አይደለም፤ ከገበያው በታች በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የቆመውን የከተማውን ጄኔሬተር የሚያስነሳውም የሚያጠፋውም እሱ ነው። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን፣ ስድሳ ዓመተ ምሕረት ግድም ነው፤ መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ብቻ ነበር። አምፑል ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ የሞረዳን ስም ያነሳል። በከተማው የሱን ያህል ስሙ የሚነሳ ሰው ከአገረ ገዥው በቀር የነበረ አይመስለኝም፤ አገረ ገዥው ግን በክፉ የሚነሳው በሹክሹክታ ነው።

ሰውዬውን ያየ ይህን አይገምትም። ዝምተኛ ነው። ጄኔሬተሩ ነው እንዲህ ያደረገው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ጄኔሬተሩ ከመምጣቱ በፊትም አውቀዋለሁ፣ ያኔም አይናገርም ነበር። የማውቀው የእህቴ ባል ስለነበረ ነው።

ይህን አሁኑኑ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ታላቅ እህቴ ድርቤ የሞረዳ ሚስት ነበረች። ጨመዳን ወለደችለት፤ ልጁ ገና ዳዴ ሲል ወባ ይዟት ሞተች። በእኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ልጁን ባዳ ከምታሳድገው አክስቱ ታሳድገው ይባላል። አክስቱ እኔ ሎሚ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ጉቴ መንደር፣ አባቴ ቤት ድረስ መጡ፤ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ፣ እኔም ነቀምቴ ገባሁ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ብጠየቅም እምቢ አልልም ነበር፤ ግን መጠየቁ ራሱ ደስ ይል ነበር።

ከተጋባን በኋላም «አባ ጨመዳ» እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ነበር የምጠራው። የእህቴ ባል ሳለ የለመደብኝ ነው። እሱም ገና ትናንት የገባ እንግዳ ይመስል፣ ከመቀመጡ በፊት ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ተከባብረን ነበር የምንኖረው። መከባበር መልካም ነው፤ ሲበዛ ግን ቤቱን ቢሮ ያስመስለዋል።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ። ሚሲዮኑ ግቢ አንድ ጀርመን መካኒክ ነበር፤ ሞረዳን ሥራ ያስተማረው እሱ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ የቤቱን ስቴሪዮ ለሞረዳ ተወለት፤ ባለሁለት ጎማ ቴፕ ከነማይክሮፎኑ፣ አምፕሊፋየርና ሣጥን የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች። በመሐል የሚገባውን ፕሪአምፕሊፋየር ግን ይዞት ሄደ። ይህ ዕቃ ከቴፑ የሚወጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ አጠንክሮ ለአምፕሊፋየሩ የሚያቀብል ነው። እሱ ከሌለ ጆሮን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ የትንኝ ድምፅ መስማት ነው። ጀርመኑ ለምን ወሰደው ብትሉኝ አላውቅም፤ ፈረሱን ከነኮርቻው ትቶ ልጓሙን ይዞ ሄደ።

ከዕቃው ጋር አንድ የቴፕ ክር ነበር። ጀርመኑ ከመሄዱ በፊት የወዳጆቹን ሰላምታ እየዞረ ቀድቶ፣ አንዱን ቅጂ ለሞረዳ ሰጥቶታል። እዚያ ክር ላይ ድርቤ አለች። በኦሮምኛ ወግ ሰላምታዋን ታቀርባለች፤ «ማቲን ኬሰን ነጋ? ሎን ኬሰን ነጋ?» ትላለች፣ ቤተሰባችሁ ደህና ነው፣ ከብቶቻችሁ ደህና ናቸው እንደ ማለት። ጀርመኑ አንዲት ላም የለውም፤ ያለው ብስክሌት ነው። ድርቤ ግን የጀመረችውን ሰላምታ በመሐል የምትተው ሰው አልነበረችም። ጥጆቹንም ጠይቃለች።

እሷ በሕይወት ሳለች ክሩን ለመስማት የቸኮለ አልነበረም፤ ራሷ ቤት ውስጥ አለቻ። ከሞተች በኋላ ግን ሞረዳ ቀን ቀን ከመሳቢያው ያወጣዋል፣ አቧራውን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ይመልሰዋል። እኔ አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ቅናት ነበረብኝ ወይ ብትሉ፣ አዎ ነበረብኝ። በገዛ እህት፣ ያውም በሞተች እህት መቅናት ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያየ ያውቀዋል።

ታዲያ ጎጃሜው ነጋዴ ሀብተጊዮርጊስ፣ ዋናው መንገድ ላይ ራዲዮና ፋኖስ የሚሸጠው፣ ለሳሎኑ ስቴሪዮ ሲያሟላ ከውጭ አገር ሁለት ፕሪአምፕሊፋየር አስመጣ። ተገጣጥሞ የሚመጣ አይደለም፤ ሽቦው፣ ቆርቆሮው፣ ቫልቭ የሚባሉት እንደ አምፑል የሚግሉ ብርጭቆዎች ሁሉ ለየብቻ በካርቶን ተጠቅልሎ ይመጣና ገዢው ራሱ ይሠራዋል። ሀብተጊዮርጊስ ካርቶኑን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። ከዚያ እኛ ቤት መጣ።

«ኦቦ ሞረዳ» አለ፣ «ሁለቱንም ግጠምልኝ። ስትጨርስ የወደድኸውን አንዱን ውሰድ፣ የተረፈው ለኔ። የእጅህ ዋጋ ይኸው ነው።»

«ትልቁን ብወድስ?» አለ ሞረዳ።

«ትልቁንም ቢሆን። ቃሌ ቃል ነው» አለ ሀብተጊዮርጊስ። እንዲህ ሲል ግን ትልቁን ካርቶን በእጁ ይዳብሰው ነበር።

ትልቁ ቫልቭ በቫልቭ ነው። በዚያ ላይ ኮሽታና ሽሽታ የሚያጣራ ክፍል አለው፤ የሚዞር የሚነካ ነገር የለውም፣ በራሱ ያጣራል። ትንሿ ሁለት ቫልቭ ብቻ ያላት፣ የሻይ ቆርቆሮ የምታክል ናት። ጉዳዩ ከተማውን ሁሉ ዞረ። መንገድ ላይ ሰላም የሚለው ሰው ሁሉ ስለ ልጁ ጤና ጠይቆ ሲያበቃ «ትልቁን ውሰድ» ይለዋል። ፕሪአምፕሊፋየር ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ትልቅና ትንሽን ግን ማን ያጣዋል።

ሞረዳ ገና አልወሰነም። ካልሰማሁ አልመርጥም አለ፤ ትክክል ነው። ችግሩ መስማቱ ላይ ነው። በከተማው መብራት ሲኖር እሱ ቤቱ የለም፤ እሱ ቤቱ ሲኖር በከተማው መብራት የለም። ዕቃውን ጄኔሬተሩ ጋ ወስዶ እንዳይሰማ፣ እዚያ የገዛ ሳልህም አይሰማህም። ረዳቱ ባቻ የሚተካው እሑድን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቀን ቀን ብረቱን በከሰል እያጋለ ሽቦውን በቆርቆሮ ይበይዳል፣ ማታ እኔ እሞክራለሁ። ይህ ከዚህ ይሰካል፣ ቫልቮቹ እስኪግሉ ጠብቂ፣ ከኋላ እንዳትነኪ ይገድላል አለኝ። ሦስተኛውን ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ከተጋባን ወዲህ ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገረኝ የመጀመሪያው ነው።

መጀመሪያ ያለቀው ትልቁ ነው። ማታ ሰካሁት፣ ጋለ፣ ክሩን አዞርኩት። እውነት ለመናገር እንደ ምንጭ ውኃ ነው፤ አንዲት ኮሽታ የለችበትም። ድርቤ ከብቶቹን ጠየቀች። ሰማሁ፣ ደግሜ ሰማሁ። ቃሉ የእህቴ ነው፤ ሴትየዋ ግን የማላውቃት ሴት መሰለችኝ። የጎደለውን ለማወቅ ብጥር አልመጣልኝም። ሰው ሲሞት ድምፁም እየራቀ ይሄዳል ማለት ነው ብዬ ተኛሁ።

«እንዴት ነው?» አለኝ ጠዋት።

«ንጹሕ ነው፣ አባ ጨመዳ። ምንም አይወጣለትም።»

«እሷስ?»

«ጥጆቹንም ጠይቃለች» አልኩት።

እሑድ ማታ ሀብተጊዮርጊስ አምሮበት መጣና ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሞረዳ ቴፑን ከፈተ። የነጋዴው ኦሮምኛ ከገበያ ዋጋ አያልፍም፣ ቢሆንም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ አደነቀ። «ይህ ነው ድምፅ ማለት» አለ፣ ቅር ቅር እያለው። ሞረዳ አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማና አጠፋው።

እንግዳው ከሄደ በኋላም እዚያው ወንበር ላይ ቀረ። «ሎሚ» አለ፣ «ሴትየዋን አላውቃትም። ድርቤን ረስቻታለሁ ማለት ነው።»

አንጀቴን በላው። ደግሞም ልንገራችሁ፣ በዚያው ቅጽበት ከትከሻዬ ላይ አንድ ነገር የወረደ መሰለኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

ከረሳት ወዲያ ምርጫው ምን ያጨቃጭቃል፤ እንግዲህ ሰው እንዳለው ትልቁን ልውሰድ አለ። ትንሿን ማክሰኞ የሀብተጊዮርጊስ ሰው መጥቶ ይወስዳታል። ሞረዳ ግን ያልተሞከረ ሥራ ከእጁ አያወጣምና፣ ሰኞ ማታ ሞክሪያት ብሎኝ ወደ ጄኔሬተሩ ወረደ።

ገና እንደመሸ ሰካኋት። ስትግል ሽሽታው ተነሳ፤ ምጣድ ላይ ገብስ የሚቆላ ነው የሚመስለው። ይኸው ለሀብተጊዮርጊስ የሚገባው ይህ ነው ብዬ ሳቄ መጣ። ከዚያ እህቴ መናገር ጀመረች፤ «ማቲን ኬሰን» ስትል አፏጨች።

ድርቤ ፍንጭት ነበረች። የፊት ጥርሶቿ መሐል ያለውን ክፍተት አገር ያደነቀላት ቆንጆ ናት፤ ግን «ሰ» በዚያ በኩል ስታልፍ ቀጭን ፉጨት ይዛ ትወጣለች። ልጆች ሳለን በዚህ ስንት ጊዜ ሳቅኩባት፣ ስንት ጊዜስ ቆነጠጠችኝ። ገበያ ውስጥ ብንጠፋፋ የማገኛት በፉጨቷ ነው። ያ ትልቁ ዕቃ ፉጨቷን ከሽሽታው ጋር ቆሻሻ ነው ብሎ ጠርጎ ጥሎታል። ሞረዳ ምንም አልረሳም፤ የጠፋችው እዚያ ማጣሪያ ውስጥ ነው።

አጠፋሁትና ተቀመጥኩ። ነገ ሰውየው ይመጣል፣ ትንሿን ይወስዳል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ቤቱ የኔ ብቻ ይሆናል። እውነቱን የማውቅ በነቀምቴ እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ ማሰብ አይከለከልም። ግን እህቴ ናት፤ አሁን በጆሮዬ አፏጭታልኝ እንዴት አድርጌ ለጎጃሜ ልስጣት? ጨመዳን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ጄኔሬተሩ ወረድኩ።

እዚያ በለሆሳስ የሚነገር ነገር የለም። እሪ ብዬ «ታፏጫለች!» አልኩት።

«ማን?» አለ፣ የሞተሩ ቀበቶ ሊበጠስ የሚያፏጭ መስሎት ወደዚያ እያየ።

«ድርቤ! በትንሿ ሲሰማ ታፏጫለች!»

ዘይት የነካውን እጁን በጨርቅ ጠረገ። ደጋግሞ ጠረገው። ይህ ሰው አባቱ ሲቀበር እንኳ ባቻ ሳይመጣ ከሞተሩ ያልተነሣ ሰው ነው። እጄን ይዞ የመብራቱን ኃይል ከሚለካው ሰዓት ፊት አቆመኝና ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ «ይህችን መርፌ እያት። ወደ ታች ከወረደች ይህን የነዳጅ እጀታ ትንሽ ወደ ቀኝ። ትንሽ።» ከዚያ ሮጠ። ሞረዳ ሲሮጥ ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

መርፌዋ ወረደች። እጀታውን ትንሽ ገፋሁት፤ የኔ ትንሽ ግን የሱ ትንሽ አይደለም። ሞተሩ አገሳ፣ በበሩ በኩል ሳይ ከተማው ቀን መሰለ። ደንግጬ ብመልሰው ኩራዝ ሆነ። ከዚያ እየለመድኩት ሄድኩና መርፌዋን ከቦታዋ አደረስኳት። በኋላ ሀብተጊዮርጊስ «መብራቱን ምን ነክቶት ነው?» ቢለው ሞረዳ «ነዳጅ ነው» ብሎታል። ድርቤ በዚያ ምሽት ከብቶቹን የጠየቀችው በኔ መብራት ነው። ይህን ሳስብ አለቀስኩ። እዚያ ማልቀስ ይመቻል፣ ማንም አይሰማም።

ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «ከብቶቹስ?» አልኩት እየጮኽኩ።

«ደህና ናቸው» አለ። እጀታውን ሊቀበለኝ እጁን እጄ ላይ አደረገና ወዲያው አላነሳውም። «ለምን ነገርሽኝ?» አለ።

«ስለምታፏጭ ነዋ» አልኩት።

ማክሰኞ ሀብተጊዮርጊስ ትልቁን ሲያገኝ ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ ለሞረዳም ከልቡ አዘነለት። ከተማውም ሞተሩ ጆሮውን ጨርሶታል ብሎ ፈረደ። እኛ አልተከራከርንም።

በሚቀጥለው እሑድ፣ እራት አቅርቤ ብጠራው ብጠራው ሞረዳ ከቴፑ አልነሳ አለ። ማይክሮፎኑን አውጥቶ ሰክቷል፤ ክሩ ድርቤ ካበቃችበት ላይ ቆሟል። ማይክሮፎኑን ወደኔ ዘረጋና «ተናገሪ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ደስ ያለሽን።»

ጎማዎቹ መዞር ጀመሩ። ከብት እንዳልጠይቅ እሷ ጨርሳዋለች። ያን ጊዜ የሚታየኝ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳህን ብቻ ነው፣ ትዕግሥቴም አልቋል። «ሞረዳ፣ እራትህ ቀዘቀዘ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ አባ ጨመዳ ብዬው አላውቅም።

ክሩ ዛሬም አለ። መጀመሪያ ሽሽታው ይመጣል፣ ከዚያ ድርቤ ከብቶቹን ጥጆቹን እያፏጨች ትጠይቃለች፣ ከሷ ቀጥሎ እኔ እቆጣለሁ። ሞረዳ አንዴ ከከፈተው እኔ ጋ ሳይደርስ አጥፍቶት አያውቅም፤ እራቱም ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል።