ተለጥፎ የቀረ ፊት

ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው እኛ ቤት ሳይሆን ፊት ለፊታችን ያለው የጋሼ ወርቁ ቤት ነበር። የምንኖረው በሆላንድ፣ ስኪዳም ከተማ ውስጥ፣ አሳንሰሩ በየሳምንቱ በሚበላሽ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ዘመኑ ጉልደን ቀርቶ ዩሮ ገና የገባበት ነበር። እናቴ ዘሃራ በየቤቱ እየዞረች አረጋውያን ትንከባከብ ስለነበር እስክትመጣ የሚጠብቀኝ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ጋሼ ወርቁ የደሴ ልጅ ናቸው፤ እሷም የደሴ ልጅ ናት። ለእናቴ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር።

ጋሼ ጎሕ ሳይቀድ ዴን ሃግ ከተማ ሄደው ትራም ያጸዱ ነበር። ቀትር ላይ ተመልሰው ጥቂት ካሸለቡ በኋላ፣ እኔ ስደርስ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ሥራ ጀምረው አገኛቸዋለሁ። ሥራ የሚሉት ይህንን ነበር። ትራሙን «እንጀራዬ» ነበር የሚሉት።

የሚሠሩት ደቾች ስትሪፕ የሚሉትን፣ በሣጥን በሣጥን ተከፋፍሎ የሚነበብ የሥዕል ተረት ነበር። ጥበቡን ያገኙት ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው አጎታቸው ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥሉ ነበር፣ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ አንድን ታሪክ በብዙ ሣጥን ከፋፍለው ቆዳ ላይ እየሣሉ ለቱሪስት ሱቅ ያቀርቡ ነበር። ሁለተኛው ተሳፋሪ ትራም ውስጥ ረስቷቸው ባለቤት ያልመጣላቸው የልጆች ስትሪፕ አልበሞች ናቸው። ጋሼ የአልበሞቹን ቃል ማንበብ አይችሉም፤ ሣጥኑን ግን ያነባሉ። «እዪ እንግዲህ፣ ሰውዬው ሲሮጥ ከእግሩ ሥር አቧራ አስነሣለት። አጎቴ ይህን ቢያዩ ያብዱ ነበር» ይሉኝ ነበር።

ያኔ፣ በክረምት፣ ሻዬን ሳልጨርስ ይመሽ ነበር። የጠረጴዛው መብራት ወረቀቱ ላይ ብቻ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ የሲጋራቸው ፍም በሳቡ ቁጥር ይቀላል፤ ጭሱ ከቀለሙ ሽታ ጋር ተደባልቆ ሹራቤ ላይ ያድራል። ከመሣላቸው በፊት ተረቱን ለእኔ ይነግሩኛል። ከሳቅኩ ይሣላል፣ ካልሳቅኩ ይቀራል።

ተረቱ የአንድ ጅብ ነው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ማለቱን ያልሰማ የለም። የጋሼ ጅብ የሄደው ሆላንድ ነበር። ጥገኝነት ጠየቀ። የስደተኞች ጉዳይ ሹሟ «ለምን ተሰደድክ?» ስትለው «አህዮች ተደራጁብኝ» አለ። ቁርበት ሲጠብቅ የፕላስቲክ ወንበር ሰጡት፤ ሌሊቱን ወንበሩን ቆረጣጥሞ አደረና ሆዱን አመመው፤ ሐኪሙ ፓራሲታሞል ውሰድ ብሎ አሰናበተው። በጅቡና በሹሟ መካከል ባለ ሁለት ጉንጉን ልጅ ተቀምጣ ታስተረጉማለች። እኔ ነኝ።

ከተናጋሪው አፍ አጠገብ በሚሣለው አረፋ ውስጥ የሚገባውን ንግግር ወደ ደች የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ ጋሼ ፊደሉን እንደ ሐረግ እየሣሉ ይገለብጡታል። የደች ቃል ረዥም ስለሆነ አረፋው እያበጠ ጅቡን ጥግ ያስይዘዋል።

«ቋንቋችሁ ቦታ ይበላል።»

«አንተ ነህ ሣጥኑን ያጠበብከው!»

«እርስዎ በይ አንቺ ልጅ!» ትላለች እናቴ ከበሩ። ምክሯ ደርሶኛል፤ ዘግይቶ ነው እንጂ።

ጋሼ ከአጎታቸው የወረሱት አንድ ሕግ ነበራቸው። ደግ ሰው ፊቱን ሙሉ ወደ ተመልካች አዙሮ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ክፉ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። በአሥራ ሁለቱ ገጽ ላይ ባለ አንድ ዓይኑ ጅቡ ብቻ ነበር፤ ሹሟ እንኳ ሁለት ነበራት። «ሥራዋ ነው፣ ምን ታድርግ» አሉኝ። ጅቡም በመጨረሻው ሣጥን ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል። ተረቱ ሁሉ የተሠራው ለዚያች አንዲት ሣጥን ነበር።

በዓመት አንድ ጊዜ ስትሪፕ ሠሪዎችና የመጽሔት አዘጋጆች ሮተርዳም አንድ አዳራሽ ውስጥ ይገናኙ ነበር። ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሥራቸውን በካርቶን ይዘው፣ ከእኔ ጋር ሄዱ። ተራችን ሲደርስ የአንድ ሳምንታዊ መጽሔት አዘጋጅ ገጾቹን ቀስ ብሎ አገላበጠ፤ ሁለት ቦታ ሳቀ። ከዚያ ያለውን አልረሳሁም። «ተረቱ ጥሩ ነው፤ ሰዎቹ ግን ሁሉም እንደ ፓስፖርት ፎቶ እኔን ነው የሚያዩት፤ የሚነጋገር ሰው እርስ በርሱ ይተያይ፤ በስድስት ሳምንት አስተካክሎ ካመጣው በመጽሔቱ አወጣለታለሁ።»

ሳላሳጥር፣ ሳላለሰልስ ለጋሼ ነገርኳቸው።

«በጎን ሣላቸው ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ገጾቹን ወደ ካርቶኑ መለሱ። ማታ ለእናቴ «ሁሉንም ክፉ አድርጋቸው አለኝ። ምን ይደረግ፣ አገሩን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል» ሲሉ ሰማሁ። ሕጉን የማያውቅ ሠዓሊ፣ አዘጋጅም ቢሆን፣ በዓለም ላይ ይኖራል ብለው አላሰቡም። እኔም የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ለሰውዬው ማስረዳት እንደሚቻል አልታየኝም።

ስድስቱን ሳምንት በመቀስና በሙጫ ሠሩ። በጎን የተሣለ ፊት በትንሽ ወረቀት ላይ ያዘጋጃሉ፣ ይቆርጣሉ፣ በአሮጌው ፊት ላይ ይለጥፋሉ። ሐኪሙ ተለጠፈበት፣ ሹሟም። ተረት መንገር አቆሙ። ጅቡም በመጨረሻው ሣጥን የጎን ፊት ተለጥፎበት አልዞረም፤ ማንም ተመልካቹን አይይ ተብሏልና። አንድ ቀን ስገባ የባለ ጉንጉኗን ልጅ ፊት ሲለጥፉ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ እኔንም?»

«ሁሉንም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

ቁጣ አልነበረበትም።

ስንወስደው አዘጋጁ ሥራ ለቆ ነበር። እሱን የተካችው ሴት ሥራውን ተቀብላ ከወር በኋላ በፖስታ መለሰችው። አብሮት የመጣው ደብዳቤ፣ ሥዕሉ ሕያው ነው፣ ተረቱ ግን መጨረሻ የለውም ይላል። እሱንም ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ከዚያ በኋላ ሲሥሉ አላየሁም። ወገባቸው እስኪከዳቸው ትራም አጸዱ፤ ሲሞቱ ካርቶኑ እኛ ዘንድ ቀረ።

ዛሬ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ሰው ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ። ያን ቀን በአዳራሹ የተረጎምኩትን ብዙ ጊዜ መርምሬዋለሁ። አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም።

ሙጫው ርካሽ ነበር። ካርቶኑን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሁለት ፊት ደርቆ ይረግፋል። ሹሟ ሁለት ዓይኗን አግኝታለች፣ ሐኪሙም አግኝቷል። ባለፈው ክረምት ጅቡ ዞረ፤ ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያየው ሰው አልነበረም። የእኔ ፊት ግን እንደተለጠፈ ነው። በጥፍር ጫፍ ቢነካ ይነሣ ይሆናል። አልነካሁትም።