ሃይደር የሚያሳድደው ጩኸት

ሃይደር ዲሽ እየሰቀለ የሚተዳደር የቦሌ አራብሳ ሰው ነው። የሰው ዲሽ ሲያስተካክል ይውላል፤ የራሱን ግን ኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ላይ ወደ ከዋክብቱ፣ ወደ ፍኖተ ሐሊብ አዙሮታል። እዚያ ያለው የሃይድሮጅን ጋዝ የሚልከውን የሬዲዮ ሞገድ አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ ላፕቶፑ ላይ ማየት ነው ምኞቱ። ሞገዱ ጨለማ አይጠብቅም፤ በጠራራ ፀሐይም ይመጣል። በዚያ ሐሩር ጣሪያ ላይ ተጎልቶ ያየው ጎረቤት «ልጁ ለየለት» ቢል ምን ይፈረድበታል!

ችግሩ ከየትኛው ቤት የኤሌክትሪክ ዕቃ እንደሚመጣ የማይታወቅ የሬዲዮ ጩኸት ነው። ላፕቶፑን በከፈተ ቁጥር ሁሉን ይውጥበታል። ሃይደር ትንሽ አንቴና በእጁ ይዞ ከደረጃ ደረጃ አሳደደው። ጎረቤቶቹም፣ ይመስገኑ፣ እያጉረመረሙም ቢሆን መብራታቸውን አጠፉለት። ማሞ የሚባለው ባለሱቅ «ፍሪጄን ከሰማይ ጋር ምን አጣላው?» እያለ ነበር የነቀለው። ጩኸቱ ወይ ፍንክች!

ያልፈተሸው የራሱን ቤት ብቻ ነበር። እናቱ እትዬ መኪያ ሳንባቸው ታሞ፣ የሚተነፍሱት አልጋቸው አጠገብ በቆመ የኦክስጅን ማሽን ነው። አይ ሃይደር! ማሽኑን መጠርጠር በሕልሙም አልመጣለትም። እሳቸው ግን አልጋ ላይ ሆነው የልጃቸውን ምሬት ቀን በቀን ይሰማሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ላይ እያለ ጩኸቱ ድንገት ጸጥ አለ። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ ላይ ካለው መስመር አንዲት ጉብታ ቀስ እያለች ብቅ አለች። ሃይድሮጅን! ከደስታው ብዛት የሚሆነውን አጣ፤ ለእናቱ ሊያበስር ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

እትዬ መኪያ እጃቸው የማሽኑ ማጥፊያ ላይ ነበር። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«ጠፋልህ?» አሉ ትንፋሽ እያጠራቸው።

ሃይደር ተወርውሮ ማሽኑን አበራው። ማሽኑ ከበራ ሰማዩ የለም። እውነቱን ከተናገረ ደግሞ እኚህ ሴት እሱ ጣሪያ በወጣ ቁጥር ትንፋሻቸውን ሊያጠፉለት ነው። ፍለጋውን እርግፍ አድርጎ ቢተወውስ? ምክንያቱ እሳቸው መሆናቸው ይገባቸዋል፤ እናት ናቸው። በየትኛውም በኩል መውጫ አጣ።

«አልጠፋም እማዬ» አለ። «ካንቺ አይደለም። ወላሂ!» በሕይወቱ በውሸት ወላሂ ብሎ አያውቅም።

እትዬ መኪያ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩና ተቆጡ። «ታዲያ ምን ቆመህ ታየኛለህ? ሂድና ፈልገው እንጂ!»

ሃይደር ትንሿን አንቴና አነሣና የጎረቤት በር ሊያንኳኳ ወጣ።