ማንጎ ስር የቆመችው መኪና

ደርግ በወደቀ ሰሞን አርባ ምንጭ ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችን። ዝናብ በጣለ ቁጥር ወለሏ ውሃ ያቁራል። ባለቤቴ ጣሪያዋን በስቱኮ ደጋግሞ ደፈነ፤ ውሃው ግን አልቆመም። አንድ ቀን ተናድጄ፣ «እኔ ውስጥ ልቀመጥ፤ አንተ ከላይ ውሃ አፍስስ!» አልኩት።

ጣሪያው ላይ ሲያፈስ ምንም ጠብ አላለም። የፊት መስታወቱ ስር ሲያፈስ ግን እግሬ ራሰ። ኮፈኑን ከፍተን ብናይ፣ የውሃ መውረጃው ቀዳዳ በማንጎ ቅጠል ተወትፏል። ለካ ፀሐይ እንዳያቃጥላት ብለን ማንጎ ስር እያቆምን፣ ያስጠቃናት እኛው ነን!

ብስባሹን ስዝቅ አንዲት የፓፓያ ችግኝ አብራ ወጣች። ባለቤቴ ሊወረውራት ሲል እጁን ያዝኩት። አጥሩ ጥግ ተከልናት።

መኪናዋ ደረቀች፤ ፓፓያዋን ማጠጣት ለእኛ ቀረ።